ይድረስ ለእናቴ፦ ስለ ዋሽንግተኑ በረራ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ «ስመጣ 16 ሰዓት፣ ስመለስ 13 ሰዓት፤ መንገዱ አንድ አይደለም እንዴ?» ያልሽኝን በጽሑፍ ማስረዳት ይሻላል ብዬ ነው፤ እህቴ ታነብልሽ።

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስትሄጂም ስትመለሺም ያው። ጊዜውን የሚያራዝመው አንደኛ ቦሌ ራሱ ነው። ማኮብኮቢያው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ደግሞ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያጥረዋል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። ቀለል ብሎ ይነሳና መሐል ላይ አርፎ ይቀዳል። በደብሊን (አየርላንድ) በኩል ከሆነ ዙሩ የሚጨምረው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጊዜ የሚበላው ማረፉ፣ መቅዳቱና እንደገና መነሳቱ ነው። እዚያ ሲያርፍ ደረስን ብለሽ ቦርሳሽን እንዳታወርጂ፤ ከመቀመጫሽ አትነሺም።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ፤ ወደዚህ ስትመጪ ፊት ለፊት ይገጥምሻል፣ ስትመለሺ ከኋላ ይገፋሻል። ደለስ ደግሞ ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ነዳጁን ሞልቶ ተነስቶ አዲስ አበባ ድረስ ሳያርፍ ይገባል።

ሰዓቱን አደራ። ትኬትሽ ላይ 22:30 የሚለው በእኛ ከምሽቱ 4፡30 ነው። ሰው የሚሳሳተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባለው በረራ ነው፤ ፈረንጅ ቀኑን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሚቀይር፣ 00:30 ብሎ የተጻፈ በረራ ሰው «ዛሬ ማታ» እያለ ሲጠብቀው አንድ ቀን ቀድሞ ሄዷል። በረራሽ ከተቀየረ መጀመሪያ ይህንን አረጋግጡ።

በሰኔ የሰዓት ልዩነታችን 7 ነው፤ በክረምታቸው 8 ይሆናል። ስትደርሺ የእጅ ሰዓትሽ ከቀኑ 8፡30 ሲል እዚህ ገና ከጠዋቱ 1፡30 ነው። ሰዓትሽን መንገድ ላይ አትቀይሪው። ጠዋት የምትወስጂውን የግፊት ክኒን በአዲስ አበባ ሰዓት እዚያው አውሮፕላን ላይ ዋጪ፤ ከደረስሽ በኋላ ያለውን ግን በስንት ሰዓት እንደምትወስጂ ከመነሳትሽ በፊት ሐኪምሽን ጠይቂ። መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሻንጣ አይግባ።

ትንፋሽ ያጥረኛል ብለሽ አትስጊ። በዚህ መስመር በሚበሩት 787 እና ኤ350 በሚባሉት አውሮፕላኖች ውስጥ አየሩ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ይጠበቃል፤ ከአዲስ አበባ የተሻለ ነው ማለት ነው። የሚያስቸግረው ድርቀቱና መቀመጡ ነው። ውኃ ቶሎ ቶሎ ጠጪ፣ በመተላለፊያው በኩል ያለ ወንበር ይያዝልሽ፣ ካልተኛሽ በየሁለት ሰዓቱ ተነስተሽ ተራመጂ። ስትቀመጪም ቁርጭምጭሚትሽን አንቀሳቅሺ፤ ደም እግር ላይ ሲረጋ እግር ያብጣል፣ አንዳንዴም ደሙ ይጓጉላል።

ተሽከርካሪ ወንበሩን ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት አስመዝግቡ። ወደ አሜሪካ የሚሄድ መንገደኛ ተጨማሪ ፍተሻ ስላለበት ቦሌ 3 ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ። ቋንጣውን ተዪው፣ ሥጋ አያስገቡም፤ በርበሬውን ግን ይዘሽ ነይ፣ ሲጠይቁሽም አለ በይ።

ልጅሽ