ጀጎልን በእግር

ይድረስ ለወንድም ዓለም፤

እንደምን ከረምክ? ይህን ያህል ጊዜ ዝም ማለቴን በሥራ አላመካኝም፤ ስንፍና ነው። ለዕረፍት ሐረር ልትሄድ እንደሆነ ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከድሬዳዋ በሚኒባስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ሌሊት እደር። ጠዋት ደርሶ ማታ ለመመለስ ያቀደ ሰው ሐረርን ሳያያት ይመለሳል፤ ከሰዓት በኋላ ጫት ይቃማል፣ ሱቁም ጭር ይላል። ማደሪያህ ከጀጎል፣ በግንብ ከታጠረችው አሮጌ ከተማ ውስጥ፣ ከሐረሪዎች ቤት ይሁን።

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነሥተህ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ቁልቁል ውረድ። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ወደ ጊድር መጋላ ገበያ ያወጣሃል። ከአምስቱ ነባር በሮች (ሸዋ፣ ቡዳ፣ ሰንጋ፣ ኤረር፣ ፈላና) የሚነሡት ዋና መንገዶች መሃል ላይ ስለሚገናኙ ብትጠፋ አትደንግጥ፤ ሰፋ ያለውን ያዝ፣ ወይ ገበያው ወይ ግንቡ ጋ ትደርሳለህ። ጀጎል ሁሉ ተደምሮ 48 ሄክታር ነው። ድንጋዩ በእግር ብዛት ስለለሰለሰ ሶሉ ያለቀ ጫማ ጣል ያደርግሃል።

ጊዜህን ለአንድ ቤት ስጥ። ጫማ አውልቀህ ስትገባ ከፍታቸው የተለያየ አምስት ነደባዎች (መደቦች) ታገኛለህ፤ አሚር ነደባ የአባወራው ነው፣ የሚገባውን ሰው ከዚያ ሆኖ ያያል። የወለሉ ቅላት በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካየህ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው።

የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት የሚባለውን ባለ ቀለም መስታወት ፎቅ እይ፤ ያሠራው ግን ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፣ ገጣሚው አልኖረበትም ይባላል። ለአሮጌዎቹ የሐረር ፎቶዎች ሲባል ብቻ እንኳ መግባቱ ያዋጣል።

አስጎብኚ ስትይዝ ዋጋውን፣ ሰዓቱንና የመግቢያ ክፍያው ተካትቶ እንደሆነ አስቀድመህ ተስማማ፤ ጭቅጭቁ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው። የገበያ ሴቶችን ሳታስፈቅድ ፎቶ አታንሣ።

ጅብ ማብላቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ከግንቡ ውጭ ነው። ሥጋው በእንጨት ጫፍ ይሰጥሃል፤ አትሩጥ። ባጃጁን ደርሶ መልስ ተዋዋል፣ በጨለማ ሌላ ማግኘት ይከብዳል።

ስትመለስ አንድ ኪሎ የሐረር ቡና አምጣልኝ፤ ጥሬውን፣ የተቆላው መዓዛው መንገድ ላይ ያልቃል።

ያንተው ወዳጅ