ከብራይስ ካንየን ለአባቴ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን የምጽፍልዎ ከደቡብ ዩታ፣ ብራይስ ካንየን ከሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ሆኜ ነው።

ጠዋት ከገደሉ አፋፍ ስንደርስ ሸለቆው በጉም ተሞልቶ ነበር። አገሩ ደረቅ ቢሆንም፣ ዝናብ ወይም በረዶ ካለፈ በኋላ ከባዱ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ይወርድና ሞቃቱ አየር እንደ ክዳን ስለሚገጥምበት ጉሙ መውጫ ያጣል። ፀሐይዋ ስትበረታ የድንጋይ ዓምዶቹ ቀይና ብርቱካናማ አናት አንድ በአንድ ብቅ አለ። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ፓዩቶች፣ ዓምዶቹ ኮዮት የሚሉት የተኩላ ዘመድ በክፋታቸው ወደ ድንጋይ የለወጣቸው ሰዎች ናቸው ብለው ይተርካሉ። ትንሿ ልጄ ይህን ከሰማች ወዲህ ለያንዳንዱ ስም እያወጣች ነው፤ ባርኔጣ ያደረገውን በእርስዎ ስም ጠርታዋለች።

ድንጋዩ ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በሐይቅ ወለል የተከማቸ ደለል ነው። በዓመት ከ170 እስከ 200 በሚደርሱ ቀናት ውኃው በስንጥቁ ውስጥ ሌሊት በረዶ ይሆናል፣ ቀን ይቀልጣል፤ በረዶ ሲሆንም ስለሚሰፋ ዓለቱን ይሰነጥቀዋል። ይህን ሳስረዳ ትልቁ ልጄ «ታዲያ ለምን ይህን አልተማርሽም?» አለኝ። «ድንጋይ እንጀራ አይሆንም» ብለው የምዝገባ ቅጼን በገዛ እጅዎ ወደ ሒሳብ አያያዝ የለወጡበትን ቀን ልነግረው አልፈለግሁም። በዚያው ሙያ ልጆቼን አሳድጌበታለሁና አመሰግንዎታለሁ፤ ነገር ግን ያን ጊዜ አልጠየቁኝም፣ እስከ ዛሬም አልጠየቁኝም።

አሁን ግን እኔ ልጠይቅዎ። ወንድሜ እንደነገረኝ የልብዎን ምርመራ ውጤት ተቀብለው ለማንም አላሳዩም። ወደዚህ ላመጣዎ አስቤ ነበር፤ ሆኖም አፋፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 እስከ 2700 ሜትር ስለሚደርስ፣ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ቲኬት ልቆርጥ አልደፍርም። ዓለቱ በየ100 ዓመቱ ከ60 ሴንቲሜትር እስከ አንድ ሜትር ከሩብ ያህል ቢሸረሸርም ለጉብኝት ይቆየናል፤ እኔን የሚያስቸኩለኝ ሌላ ነው፤ ምን እንደሆነም ያውቁታል።

እባክዎ ወረቀቱን ለወንድሜ ይስጡት፤ መድኃኒትዎንም ሳያቋርጡ ይውሰዱ። እምቢ ካሉኝ ልጆቹን ይዤ ራሴ እመጣለሁ።

ልጅዎ