ደብዳቤ ለልጄ፦ ሳትተኚ ወደ ታማሚ አትቅረቢ

ልጄ፣

ወንድምሽ ደውሎልኝ ነበር። «ቆማ ነው የምታንቀላፋው» አለኝ። በነርስነት ልምምድሽ ናይት ዲውቲ (የሌሊት ተራ) አድረሽ በዚያው ጠዋት ለፈተና መቀመጥሽን፣ እህል በወጉ አለመቅመስሽን፣ ስትናገሪ ቃል እየጠፋሽ መሆኑን ሁሉ ነገረኝ። እሱን አትቆጪው፤ አስጨንቄ ያናገርኩት እኔ ነኝ። አንቺማ ስትጠየቂ መልስሽ «ደህና ነኝ» ነው፤ በዚህስ አባትሽን ነው የወጣሽው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዢልኝ፦ ሳትተኚ ወደ ታማሚ አልጋ አትቅረቢ። ከዚህ በታች የጻፍኩትን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ።

«ሁሉም ተማሪ እንዲህ ነው» እንደምትይ አውቃለሁ። አይደለም። ሌላው ተማሪ ሲደክመው መጽሐፉን ይዘጋል። አንቺ ጠዋት ክፍል ትገቢያለሽ፣ ከሰዓት ዋርድ (ታማሚዎች የተኙበት ክፍል) ትቆሚያለሽ፣ ማታ ነገ የምታቀርቢውን የታማሚ ኬዝ ታዘጋጂያለሽ፤ ቀን ሲሞት ያየሽው ሰው ደግሞ ሌሊት ከዓይንሽ አይጠፋም። ሰዓቱ አልበቃ ሲል ሁልጊዜ የሚቀነሰው ከእንቅልፍ ነው፤ ምክንያቱም እንቅልፍ እንደ መምህር ቀሪ አይመዘግብም።

ግን ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ1997 አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። ለ17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው የእጁና የዓይኑ ቅንጅት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ፤ 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.10 በመቶ ተጠጋ። ጠጥተሽ መርፌ ትሰጫለሽ ወይ ብልሽ ትቀየሚኛለሽ። ሌላ ደግሞ ልጨምርልሽ፤ በ2003 የወጣ ጥናት በየሌሊቱ 6 ሰዓት ብቻ እየተኙ 14 ቀን የቆዩ ሰዎችን ለካ። ንቃታቸው አንድ ሌሊት ጭራሽ ያልተኛ ሰው ወደሚደርስበት ደረጃ ወረደ። እኔን ያስፈራኝ እሱ ብቻ አይደለም። ሰዎቹ ራሳቸው የሚሰማቸው ትንሽ እንቅልፍ እንደተጫናቸው ብቻ ነበር። «ለምጄዋለሁ» ስትይ የማላምንሽ ለዚህ ነው።

አሁን ስለ ናይት ዲውቲ። ከመግባትሽ በፊት ከሰዓት በኋላ ወደ 90 ደቂቃ ተኚ፤ እንቅልፍ ባይመጣም ክፍሉን አጨልመሽ ጋደም በይ። ዋርዱ ከፈቀደና ተረኛዋ ሲስተር ካወቀች፣ ሌሊት በእረፍትሽ 20 ደቂቃ ማሸለብ ይጠቅማል። ከዚያ ካለፈ ጥልቁ እንቅልፍ ውስጥ ትገቢና ስትነሺ ይብስብሻል። ከነቃሽ በኋላም ከ15 እስከ 30 ደቂቃ አእምሮ ይፈዛል፤ በዚያ ሰዓት ፊትሽን ታጠቢ፣ ተራመጂ፣ ቫይታል ሳይን (ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ግፊት) ውሰጂ፤ መድኃኒት ግን አትቅጂ። ቡናን በተመለከተ፣ የጠጣሽው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ይፈጃል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምትተኚ ከሆነ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ አትንኪው። ብዙዎቹ ጓደኞችሽ ልክ ሊወጡ ሲሉ ይጠጡና፣ አልጋ ላይ ተገላብጠው «ቀን መተኛት አይሆንልኝም» ይላሉ። ከዲውቲ ስትወጪ የፀሐይ መነጽር አድርጊ፤ የጠዋት ብርሃን ሰውነትን «ቀኑ ተጀመረ» ይለዋል። መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ጋርጂ፣ ስልኩን ዝጊ። መኪናም ሞተርም አትንጂ።

ከሌሊቱ 9 እስከ 12 ሰዓት የሰውነት ሙቀት የሚወርድበትና ንቃት የሚደክምበት ጊዜ ነው። የጠዋቱ መድኃኒትና ርክክብ የሚቃረበው ደግሞ ያኔ ነው። ስለዚህ ሒሳብ በጭንቅላትሽ አትሥሪ፤ ወረቀት ላይ ጻፊ። የታዘዘው 250 ሚሊግራም፣ ብልቃጡ 500 ሚሊግራም በ5 ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ 250ን ለ500 አካፍለሽ በ5 ታባዢያለሽ፤ 2.5 ሚሊ ሊትር። ከዚያ መልሱን ሳታሳዪ ሌላ ሰው ራሱን ችሎ እንዲሠራው ጠይቂ። መልስሽን አሳይተሽ «ልክ ነው?» ካልሽ፣ የደከመ ሰው ሁሉ «ልክ ነው» ይላል። ነጥብ ስትጽፊ ከነጥቡ በፊት ዜሮ ይኑር፣ ከኋላ ግን አይኑር፤ «.5» የተባለው 5፣ «5.0» የተባለው 50 ሆኖ ሲነበብ ታማሚው አሥር እጥፍ ይወስዳል። በደም ሥር የሚሰጥ ጠብታም እንዲሁ፦ 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት፣ ሴቱ (የጠብታ ቱቦው) በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ከሆነ፣ 20,000 ለ480 ደቂቃ፣ በደቂቃ 42 ገደማ። ቆጥረሽ አስተካክለሽ ስትጨርሺ አትሂጂ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ተመልሰሽ ቁጠሪ፣ ታማሚው ክንዱን ባጠፈና በዘረጋ ቁጥር ፍጥነቱ ይለወጣልና። ፖታሲየም ክሎራይድ ደግሞ በሲሪንጅ ቀጥታ ወደ ደም ሥር አይገፋም። ማንም ቢያዝሽ፣ ማንም ቢቸኩል። ልብ ያቆማል።

ሳትተኚ አትቅረቢ የምለው ለዚህ ነው እንጂ ላሞላቅቅሽ አይደለም።

አንድ የቆየ ታሪክ አለ፤ ስለ ሐኪሞች ነው፣ ግን ነርሶችም አሉበት። እ.ኤ.አ. በ1984 ኒው ዮርክ ውስጥ ሊቢ ዛየን የምትባል የ18 ዓመት ልጅ ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ይዟት ሆስፒታል ገባች። ለድብርት ፌነልዚን የሚባል መድኃኒት ትወስድ ነበር። ያንን ሌሊት ፔቲዲን የሚባል የሕመም ማስታገሻ ተሰጣት። ሁለቱ አብረው አይሄዱም፤ ሲገናኙ ሰውነትን እስከ ሞት ሊያግሉት ይችላሉ። ልጅቷ መረጋጋት አቃታት። ነርሶቹ ተረኛዋን ጀማሪ ሐኪም በስልክ ነገሯት፤ እሷ ግን በዚያ ሌሊት ብዙ ሌሎች ታማሚዎች ነበሩባትና በስልክ ትእዛዝ ሰጠች፤ ልጅቷም አልጋ ላይ ታሰረች። ሲነጋጋ ትኩሳቷ 42 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ልቧ ቆመ። የገደላት ድካም ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ፍርድ ቤትም ውጭም ለዓመታት ተከራክረውበታል። አባቷ ጋዜጠኛ ነበር። ዝም አላለም፤ በ1989 የኒው ዮርክ ግዛት በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች በሳምንት ከ80 ሰዓት፣ በአንድ ጊዜም ከ24 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ደንብ አወጣ። በ2003 የሳምንቱ ገደብ ለመላ አገሪቱ የሐኪሞች ሥልጠና ደንብ ሆነ።

ይህን ስጽፍ ደጋግሜ የማስበው ስለ ሐኪሟ ነው። እሷም የሰው ልጅ ነበረች፤ እሷንም «በርቺ» ብለው የላኳት ወላጆች ይኖሯታል። በየዋርዱ ነርሶች ስልክ ይደውላሉ፣ ቻርቱ ላይ «ለተረኛ ሐኪም ተነግሯል» ብለው ይጽፋሉ፣ ይቀጥላሉ። አንቺ እንዲህ አታድርጊ። ታማሚሽ ሲለወጥ «ደህና አይደለም» ብቻ አትበይ፤ ሁኔታውን፣ ከየት እንደመጣ፣ የለካሽውን ቁጥር፣ የምትፈልጊውን በተርታ ተናገሪ። «ትኩሳቱ ከ38 ወደ 40.5 ወጥቷል፣ ትንፋሹ 32 ነው፣ መጥተው እንዲያዩት እፈልጋለሁ።» ሐኪሙ ካልመጣ ለበላዩ ንገሪ። ትንፋሽን ደግሞ 15 ሰከንድ ቆጥረሽ በ4 አታባዢ፤ ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሪ። ሲደክማችሁ ሁላችሁም «20» ብላችሁ እንደምትጽፉ አውቃለሁ።

መርፌ። የተጠቀምሽበትን ክዳኑን አትመልሺበት፤ ሴፍቲ ቦክሱን (ያገለገለ መርፌ መጣያውን) ከመጀመርሽ በፊት እጅሽ ሥር አስጠጊ። ከወጋሽ ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ እጠቢ፣ አትጭመቂው፣ ወዲያው አሳውቂ። የኤች አይ ቪ መከላከያው በሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው የሚሻለው፤ ከ72 ሰዓት ማለፍ የለበትም፣ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። «መምህሩ ይቆጣኛል» ብለሽ የምትደብቂው አንድ ሰዓት እንኳ አይኑር። ይቆጣ።

ጥናትሽን ደግሞ አይቼዋለሁ፤ በሦስት ቀለም የተሰመረ ደብተር። ያምራል። ማስመር ግን ማወቅ አይደለም። ገጹን አንብበሽ ዝጊው፣ የምታስታውሺውን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ከዚያ ክፈቺና የጎደለውን እዪ። ያንኑ በማግስቱ፣ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ድገሚው። መድኃኒት አንድ በአንድ አትሸምድጂ፤ በቤተሰቡ ያዢው። ስሙ በ«ኦሎል» የሚያልቀው ልብን ያዘገያል፤ ከመስጠትሽ በፊት የልብ ምትና ግፊት ትለኪያለሽ፣ ምቱ ከ60 በታች ከሆነ ሳትሰጪ ትጠይቂያለሽ። በ«ፕሪል» የሚያልቀው ደረቅ ሳል ያመጣል፣ ፖታሲየም ሊያስጨምር ይችላል፣ ከንፈርና ምላስ ካበጠ ድንገተኛ አደጋ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያነበብሽው ደግሞ የማይቆየው ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም፤ አእምሮ ቀን የሰበሰበውን የሚያደላድለው ስትተኚ ነው። ኬር ፕላኑን (የታማሚውን የእንክብካቤ ዕቅድ) ማታ ከምናብሽ አትፍጠሪ። ታማሚው ጋ ሳለሽ ሁለት ዋና ችግር ለዪ፤ መምህር «ለምን?» ሲል የሚጠፋው ከሲኒየር ተማሪ ወረቀት የተቀዳው አሥር መስመር ነው።

ወገብሽን አደራ። አልጋው ከፍ የሚል ከሆነ ወገብሽ ድረስ ከፍ አድርጊው፣ ፍሬኑን አጥብቂ፣ ጉልበትሽን አጥፊ፣ ብቻሽን ሰው አታንሺ። ጫማሽ ጣቶችሽን የማያጣብቅ፣ ተረከዙ የማይንሸራተት ይሁን። ሽንትም አትያዢ፤ ሴት ተማሪዎች ሽንት እንዳይመጣባቸው ስምንት ሰዓት ውኃ ሳይጠጡ ይቆሙና ራስ ምታቱን በቡና ሊያስታግሱ ይሞክራሉ።

የኔ እናት፣ አሁን የምጽፈውን ቀስ ብለሽ አንብቢ። ድካም ሁለት ቀን በደንብ ስትተኚ ይቀላል። ተኝተሽም ካልቀለለ፣ ታማሚዎችሽን በስማቸው መጥራት ትተሽ «አልጋ 6» ማለት ከጀመርሽ፣ የምትሠሪው ሁሉ ዋጋ ቢስ ከመሰለሽ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ላይ በሥራ መሰላቸት ብሎ የገለጸው ያንን ነው፤ መዛል፣ ከሥራው መራቅ፣ አልችልም ማለት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከከፋሽ፣ የምትወጂው ነገር ካልጣመሽ፣ ጊዜ እያለሽም ሌሊት እንቅልፍ ከራቀሽ፣ እሱ ድካም አይደለም፤ ሐኪም ያየዋል። «ባልነቃ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ለኔ ወይም አጠገብሽ ላለ ሰው ትናገሪያለሽ። ትምህርቱ ይቆያል። አንድ ሴሚስተር መድገም ማንንም አልገደለም። በዚህ ጉዳይ አባትሽም ከኔ ጋር ነው፣ ጠይቄዋለሁ።

ዛሬ የምታደርጊው ይህ ነው። የወሩን የዲውቲ ሰሌዳና የፈተና ቀኖችን አንድ ወረቀት ላይ ጻፊ። ናይት አድረሽ በማግስቱ ፈተና ወይም ዋርድ የሚገጥምሽን ቀን ሁሉ ክበቢ። ወረቀቱን ይዘሽ ወደ አስተባባሪዋ ሂጂና «ደክሞኛል» ሳይሆን «በዚህ ቀን 24 ሰዓት ነቅቼ መድኃኒት እንድሰጥ ተመድቤያለሁ፤ ከእገሊት ጋር ልቀያየር ተስማምተናል» በያት። የምትቀያየሪያትን ልጅ አስቀድመሽ አነጋግሪ፤ መፍትሔ ይዘሽ ስትሄጂ እምቢ ለማለት ይከብዳታል። እምቢ ካለች ግን ያንን ጠዋት ዋርድ ስትገቢ «አልተኛሁም፣ መድኃኒት አልሰጥም፣ ሌላ ሥራ ስጡኝ» በዪ። ነጥብ ይቀንሱ። ሳትተኚ አትቅረቢ ብያለሁ።

የተከበበበትን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ወንድምሽ ቅዳሜ መጋረጃውንና የጆሮ መድፈኛውን ያመጣልሻል፤ አሮጌውን ጫማ ስጪው፣ ሶሉን አስቀይረዋለሁ።

እናትሽ