ልጄ፣ ዘለበቱን ከመግዛትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሕሊና፣

እንደምን ሰነበትሽ እናቴ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክሽልኝን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። «አባዬ፣ ይኼን ዘለበት ለልደትህ ልግዛልህ? ትክክለኛ ነው ወይ?» ብለሽኛል። በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

ይህ «ዩ ኤስ» የሚል የታተመበት ሞላላ የናስ ዘለበት የአሜሪካ ጦር በ1839 ያወጣው ሞዴል ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) ከ1861 እስከ 1865 በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ እግረኛ ወገቡ ላይ የሚቆልፈው ይህንኑ ነበር። ትልቁ ዓይነት ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ፊቱ ስስ ናስ ነው፤ በማተሚያ ተመትቶ ቅርጽ ይይዛል። ስስ ስለሆነ እንዳይጨራመት ጀርባው ላይ እርሳስ አቅልጠው ይሞሉበታል፤ ቀበቶውን የሚይዙት መንጠቆዎችም እዚያው እርሳሱ ውስጥ ይተከላሉ። መንታ የሚመስለው ሌላም አለ፤ እሱ ጀርባው ላይ ከመንጠቆ ፋንታ ሁለት የብረት ሽቦ ቀለበቶች አሉት። ያኛው ዘለበት አይደለም፣ የጥይት ቦርሳ ክዳን ላይ የሚውል ጌጥ ነው። ሁለቱን ሳይለይ የሚሸጥ ብዙ ነው።

ያንቺ ሻጭ የላከልሽ ፊቱን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ፊቱን አይቼ ምንም ልልሽ አልችልም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጦርነቱ መቶኛ ዓመት ሲከበር ለማስታወሻ የተሠራ አለ፤ ዛሬም የጥንቱን ውጊያ በትርኢት ለሚያሳዩ ሰዎች በገፍ ይሠራል። አዲስ ነው ተብሎ ቢሸጥ ችግር የለውም። አታላዩ ግን አሲድ ውስጥ ነክሮ፣ አፈር ውስጥ ቀብሮ አውጥቶ «ከጦር ሜዳ የተገኘ» ይለዋል። እርሳስ መሬት ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ሲከርም ነጭና አመድማ ልባስ ያወጣል፤ ይህ በጥድፊያ ተቀብቶ የሚመጣ አይደለም። ጀርባው አንድ ወጥ ናስ ሆኖ እርሳስ የሚባል ነገር ከሌለው «ዩ ኤስ» የተባለውን ሞላላ በጥርጣሬ እይው። የደቡቡ ጦር ዘለበት ይብሳል። ከድሮም ጥቂት ስለነበረ ዋጋው ሰማይ ነው፤ ፎርጅዱም በዚያው ልክ ገበያውን ሞልቶታል። እሱ ላይ እኔም ብሆን የሚያውቅ ሰው ሳላሳይ እጄን አልዘረጋም።

እንግዲህ ትክክለኛ ሆኖ ተገኘ እንበል። ለኔ ዋናው ጥያቄ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፦ ከየት ወጣ? ማን አወጣው?

ለምን እንዲህ እንደምል እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ከቤታችን ሩቅ ባልሆነው በማናሳስ የሆነውን ልንገርሽ። በ2014 እዚያ የጦር ሜዳ ፓርክ ውስጥ ለመሠረተ ልማት ሲቆፈር የሰው አጥንት ወጣ። ሥራው ቆመ፤ የፓርኩ አርኪዮሎጂስቶች ስሚዝሶኒያን ከሚባለው የአሜሪካ ሙዚየሞች ተቋም ባለሙያዎች ጋር ሆነው ቦታውን በጥንቃቄ ቆፈሩት። ጉድጓዱ በነሐሴ 1862ቱ ሁለተኛው የማናሳስ ውጊያ የሐኪሞች መቅበሪያ ሆኖ ተገኘ። የሁለት ወታደሮች አጽም ነበረበት፤ ከነሱ ጋር 11 የተቆረጡ እጅና እግሮች። የአንደኛው ወታደር የጭን አጥንት ውስጥ የኤንፊልድ ጠመንጃ ጥይት ተሰክታ ቀርታለች። ያን ጥይት በዚያ ውጊያ በብዛት ይተኩስ የነበረው የደቡቡ ጦር ነው። የሰሜን ጦር ኮት አዝራሮችም ተገኙ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሰዎቹ የሰሜን ወታደሮች መሆናቸውን አረጋገጡ። በ2018 ሁለቱ ስማቸው ሳይታወቅ በአርሊንግተን ብሔራዊ የወታደሮች መቃብር በወታደራዊ ክብር አረፉ፤ የሬሳ ሣጥናቸው የተሠራው እዚያው ጦር ሜዳ ላይ ከወደቀ ዛፍ እንጨት ነው።

አሁን አስቢው። ያቺን ጥይትና እነዚያን አዝራሮች አንድ ሰው ቀደም ብሎ በሌሊት በሜታል ዲቴክተር፣ መሬት ውስጥ ያለ ብረት በሚጠቁመው መሣሪያ፣ አውጥቷቸው ቢሆንስ? ጥይቷ ገበያ ላይ የምታወጣው ጥቂት ዶላር ነው። ሁለቱ ሰዎች ግን ማን እንደገደላቸው፣ የማን ወገን እንደሆኑ የሚናገርላቸው አያገኙም ነበር። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

የዚያን ጦርነት ዕቃ የማኖርበትን የኔን ሳጥን ታውቂዋለሽ። ውስጡ ካለው ሁሉ የምሳሳለት ከዚሁ ከቨርጂኒያ፣ ከስታፎርድ፣ ለወጣው የጥይት ቦርሳ ጌጥ ነው። ከ1862 እስከ 1863 በነበረው ክረምት፣ ከፍሬድሪክስበርግ ሽንፈት በኋላ፣ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ የሰሜን ጦር እዚያ ጎጆ ቀልሶ ከርሟል። ዕቃ የሚጠፋው ደግሞ በውጊያ ብቻ አይደለም፤ ወታደር ብዙ የሚጥለው ከሚሰፍርበት ነው። ባለመሬቱ ቤት ሊሠሩበት ሲሉ በጽሑፍ ፈቅደውልን ገባን። አፈሩን በጣቴ ስጠርገው መጀመሪያ የታየኝ ጀርባው ነው። እርሳሱ ላይ በቢላ ጫፍ የተፋቁ ሁለት ፊደላት፣ «ጄ» እና «ደብሊው»፤ የሁለተኛው አንድ እግር ቢላው አዳልጦት ወጣ ብሏል። ብርድ ላይ ተቀምጦ ስሙን የጫረውን ልጅ መልኩን ባላውቀውም እወደዋለሁ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ጥልቀቱን፣ አጠገቡ የነበረውን ምስማርና የጠርሙስ ስባሪ ሳይቀር ያን ዕለት ደብተር ላይ አስፍሬዋለሁ።

እኔ ደግሞ የደላንታ ልጅ ነኝ። በ1868 እንግሊዞች ከመቅደላ የዘረፉትን በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭነው ያወረዱትና በጨረታ የተከፋፈሉት እኛው ሜዳ ላይ ነው። የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሪቻርድ ሆልምስም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ዕቃው በየሰው ቤት ተበተነ፤ በ2021 እንኳ ከመቅደላ የሄደ ቅርስ እዚያው እንግሊዝ አገር ለጨረታ ቀርቦ፣ ኢትዮጵያ ተቃውማ ከሽያጩ ተነስቶ ነው በኋላ የተመለሰው። በዚህ መሃል ስንቱ «የአያቴ ዕቃ ነው» እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ አልፏል! ይህን እያወቅሁ ከየት እንደመጣ የማይነገረኝን የሌላ ሕዝብ የጦር ሜዳ ዕቃ ገዝቼ ልደቴን ማክበር አልችልም፤ ውስጤ አይቀበለውም።

ሕጉንም እወቂ። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እንኳን መቆፈር፣ ሜታል ዲቴክተር ይዞ መገኘትም ክልክል ነው። ከፌዴራል መሬት መቶ ዓመት ያለፈውን ቅርስ ያለ ፈቃድ ማውጣት፣ እንዲያ የወጣውንም መሸጥና መግዛት በ1979ኙ የቅርስ ጥበቃ ሕግ እስር አለበት። የግል መሬት ከሆነ የባለቤቱ ፈቃድ ይበቃል፤ ግን በቃል ብቻ አይሁን፣ በወረቀት ይሁን።

አንድ ቀን ከጓደኞችሽ ጋር ወጥተሽ ክብ ብረት ብታገኚ ደግሞ እንዳትነኪው፤ ርቀሽ ፖሊስ ጥሪ። በ2008 እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ቼስተር በምትባል ቦታ፣ የረጅም ዓመት ልምድ የነበረው ሰብሳቢ የዚያን ዘመን የመድፍ ጥይት ግቢው ውስጥ ሲያጸዳ ፈንድቶ ገድሎታል። ባሩድ ከ140 ዓመት በኋላም ባሩድ ነው።

ሳጥኔ ወደፊት ያንቺ ነው፤ ስለዚህ ይህንንም ልንገርሽ። ናሱን ለማንጸባረቅ ብለሽ አትወልውይው። እርሳስ ያለበትን ዕቃ በኦክ እንጨት መሳቢያ አታስቀምጪ፤ እንጨቱ የሚያወጣው አሲድ ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል። ነክተሽው ከሆነ እጅሽን ታጠቢ፣ መርዝ ነው። ደብተሩን ከሳጥኑ አትለዪው። ለሙዚየም ብትሰጪም፣ ብትሸጪም አብሮ ይሂድ።

ሻጩን የጀርባውን ፎቶ ጠይቂው። የወጣበትን ቦታና ከማን እንደገዛው በጽሑፍ ይስጥሽ። ሁለቱን አሟልቶ ከመለሰ ፎቶውን ላኪልኝና አብረን እንወስን። «አላውቅም፣ ከድሮ ዕቃ ገበያ ነው» ካለሽ ተይው፤ ገንዘብሽን አታባክኚ። ለልደቴ ከሆነ ግን ቅዳሜ ነይና ማናሳስ እንሂድ። ሄንሪ ሂል የሚባለው ኮረብታ ላይ የጄምስ ሮቢንሰን ቤት መሠረት አለ፤ ነጻ የነበረ ጥቁር ገበሬ ነው፣ ሁለቱም የማናሳስ ውጊያ መሬቱ ላይ አልፏል። እሱን እስካሁን አላሳየሁሽም።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች፤ ሽሮ ፈጭታልሻለች፣ ስትመጪ ዕቃ ይዘሽ ነይ።

የሚወድሽ አባትሽ