ምርመራው ከባልም ይጀመር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ልጅ ለመውለድ ስለሚደረግ ሕክምና ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁት። የማህፀን ቱቦ መዘጋት፣ የእንቁላል መብሰልና የሴቲቱ ዕድሜ በሚገባ ተብራርተዋል፤ ስለ ወንዱ የተጻፈው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ስለሆነ፣ ከራሴ ቤት የማውቀውን ልጨምር ተነሣሁ።

በምሥራቅ ጎጃም ሉማሜ የምኖር የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ልጅ በጠበቅንባቸው ስድስት ዓመታት ባለቤቴ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ተመላልሳ ደሟን ሰጥታለች፣ አልትራሳውንድ ታይታለች፣ ቱቦዋ ክፍት መሆኑን ለማረጋገጥ የሚያመውን የራጅ ምርመራ ችላለች፤ ጸበል ተጠምቃለች፣ ስለትም ተስላለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ «አንተስ ተመርምረሃል?» ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም የወንድ ዘር እንዴት እንደሚፈጠር በየዓመቱ ለተማሪዎች እያስተማርሁ ራሴን ለመመርመር አልደፈርሁም። «መካን» የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር ሰው ዞር ብሎ የሚያየው ሴቲቱን ነው፤ ባለቤቴ በማኅበርና በለቅሶ ቤት የሰማችውን እዚህ ልዘረዝረው አልችልም። ሆኖም መውለድ ከተቸገሩት ባልና ሚስቶች በግማሽ ያህሉ ዘንድ የወንዱ ችግር፣ ብቻውን ወይም ከሴቲቱ ችግር ጋር ተደርቦ፣ እንደሚገኝ ሐኪሞች ያውቁታል።

በመጨረሻ ስመረመርም ነገሩ በወጉ አልተሠራም። የዘር ፈሳሼን ናሙና ከቤቴ ይዤ መኪና ስጠብቅ ቆይቼ ደብረ ማርቆስ የደረስሁት ሁለት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነበር፤ የተቀበለኝ ባለሙያ መቼ እንደወጣ አልጠየቀኝም፣ ውጤቱም «ደካማ» ከሚል አንድ ቃል በቀር ቁጥር አልነበረውም። ኋላ እንደተማርሁት፣ ለዚህ ምርመራ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል፤ ናሙናው በሰውነት ሙቀት ተጠብቆ በአንድ ሰዓት ውስጥ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶም አይፈረድም። ዘሩ ተፈጥሮ እስኪበስል ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚወስድ፣ መተማ ለሥራ ወርዶ ወባ አተኩሶት የተመለሰ ወጣት በዚያው ሰሞን ቢመረመር ውጤቱ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላልና ከሦስት ወር በኋላ መድገም ይኖርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው መነሻ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ዘር፣ ወደፊት የሚዋኘው 30 በመቶ፣ ቅርጹ የተስተካከለው ደግሞ 4 በመቶ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ካረገዙላቸው ወንዶች የተወሰዱ ስለሆኑ፣ ከእነርሱ በታች የሆነ ሁሉ አይወልድም ማለት አይደለም።

ይህን ያህል የምዘረዝረው ዘርን ወደ ማህፀን የማስገባቱ ሕክምና የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው በአብዛኛው በዘሩ ብዛትና ጥራት ስለሆነ ነው። የዘር ፈሳሹ እንዳለ ማህፀን ውስጥ ቢገባ፣ በውስጡ ያለው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ማህፀንን የሚያኮማትር ንጥረ ነገር ከባድ ቁርጠት ያስነሣል። ስለዚህ ዘሩ በላቦራቶሪ ታጥቦ፣ ደኅና የሚዋኘው ተለይቶ፣ እንቁላሉ በሚወጣበት ሰዓት በቀጭን ቱቦ ይገባል። ከታጠበ በኋላ የሚዋኘው ከ5 ሚሊዮን በላይ ሲሆን ተስፋው የተሻለ ነው፤ ከ1 ሚሊዮን ሲያንስ ግን እጅግ ይመነምናል። የሴቲቱ ቱቦ ክፍት፣ ዕድሜዋም ገና ቢሆን እንኳ ከአሥር ሙከራ የሚሳካው አንድ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ነው።

እኛ ዓባይን ተሻግረን አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ሞክረናል፤ ሁለቱም ጊዜ አልተሳካም። ከእጥበቱ በኋላ የቀረው ዘር 1 ሚሊዮን እንዳልሞላ የነገሩን ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ ነው። ቀድሞ ቢነገረን ኖሮ የመምህር ደመወዛችንንና የባለቤቴን ድካም ለሁለተኛው ሙከራ አናውለውም ነበር፤ እንደኛ ላለው አንዱ ዘር በመርፌ ወደ እንቁላሉ ውስጥ የሚገባበት ሌላ ሕክምና አለና።

ስለዚህ አዘጋጁን የምለምነው በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ባሎችን በስማቸው ጠርታችሁ እንድትመክሩ ነው፤ የሴቲቱ የራጅ ምርመራ ከመታዘዙ በፊት የባል ናሙና ይታይ። የጎጃም ሆስፒታሎችም ናሙና አሰጣጡን በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፈው ለተመርማሪው ቢሰጡ፣ በውጤቱም ወረቀት ላይ ናሙናው የወጣበትንና የታየበትን ሰዓት ከነቁጥሩ ቢያሰፍሩ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም።

ባለቤቴ ይህን ደብዳቤ አንብባ እንዲወጣ ፈቅዳለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር፣ ከሉማሜ