ሮን ውስጥ አትግባ

ልጄ፣ እንደምን አለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እህትህ ነገረችኝ፤ እሷን እንዳትቆጣት። እዚያ ፈረንሳይ፣ ቦኬር ከተማ ስትጫወቱ ኳሱ ሮን ወንዝ ገባ፣ አንተም ከነልብስህ ተከትለኸው ገባህ አለች። ለአንድ ኳስ! ሮን ውስጥ አትግባ። ኳሱን እኔ እገዛልሃለሁ።

አራተኛ ፎቅ የነበሩት አሮጊት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የአገራቸውን የድራክ ተረት ሲነግሩህ ጠረጴዛ ሥር ትደበቅ ነበር። ረሳኸው? የሮኑ ክፉ መንፈስ! የወርቅ ቀለበትና ዋንጫ ውኃ ላይ ያንሳፍፋል፤ ሊይዝ የገባውን ጎትቶ ያሰምጣል። የቲልበሪው ገርቫስ የሚባል ሰው በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጽፎታል፤ ድራኩ ወስዷት የተመለሰችውንም ሴት በዓይኔ አይቻለሁ ይላል።

ሴትዮዋ ልብስ ስታጥብ የእንጨት ሳህን ውኃው ይዞት ሲሄድ አየች። ወርቅ እንኳ አይደለም፣ ሳህን! ልትይዘው ስትገባ ድራኩ ወሰዳት። የእሱን ልጅ ሰባት ዓመት አጠባች። አንድ ቀን ዓሣ በልታ በቅባታም ጣቷ አንድ ዓይኗን ነካች፤ ከዚያ ወዲያ የተሰወረው ሁሉ ታያት። ተለቃ ስትመለስ ባሏ እንኳ ለይቶ ለማወቅ ተቸገረ። ኋላ በማለዳ ቦኬር ገበያ ላይ ድራኩን አየችውና ሰላም ብላ የልጁን ደህንነት ጠየቀችው። «በየትኛው ዓይንሽ ነው የምታዪኝ?» አላት። ስታሳየው በጣቱ አጠፋው።

ዝም ብላ ብታልፍ ምን ነበረበት? ግን ጡቷን ያጠባችው ልጅ ነው። የጠላት ልጅ ቢሆንስ፣ እንዴት አትጠይቅ? እኔም ብሆን እጠይቃለሁ። አንተ ደግሞ «እማዬ አታካብጂ» ትለኛለህ።

እሺ፣ ድራኩ ተረት ነው በል። ግድቡስ? ሮን ላይ የኃይል ማመንጫ ግድቦች አሉ፤ ውኃ ሲለቀቅ ወንዙ በድንገት ይሞላል። ላዩ ዝም ያለው ውኃ ከሥር ይጎትታል። አንተ ዋና የለመድከው ገንዳ ውስጥ ነው የኔ ጌታ። ሮን ውስጥ አትግባ። ሰው ሲሰምጥ ብታይ እንኳ ዘለህ አትግባ፤ 112 ደውል፣ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውርለት።

ካርት ቪታልህን፣ የጤና መድን ካርድህን፣ መሳቢያ ውስጥ ረስተኸው ሄድክ፤ በፖስታ ልኬዋለሁ። በርበሬው እንዳይሻግት ክዳኑን በደንብ ግጠመው። ቅዳሜ ደውልልኝ። ጓደኞችህንም አገናኘኝ፤ ለእነሱም የምለው አለኝ።

እናትህ