ለካልሲው የነገረው

ውድ አዘጋጅ፣

ልጆች ቴሌቪዥን ላይ ተጥደው ይውላሉ የሚለውን ወቀሳ ቡና በተጠጣ ቁጥር እሰማለሁ። እኔም ከወቃሾቹ አንዷ ነበርኩ። በአሻንጉሊት ስለሚሠሩ የልጆች ፕሮግራሞች ግን አሁን የምለው አለኝ።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ሲናገር ትንሽ ይንተባተባል። ዘንድሮ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት አበዛ። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፣ ምንም የለበትም ተባልኩ። ምን ሆንክ ስለው ዝም። የሠፈሩ ሰው ምክር፣ የአባቱም ጭምር፣ አንድ ነው፦ "ቢመቱህ ምታ፣ ወንድ አይደለህ?" አንድ ቀን ሞክሮት መሰለኝ፣ ሸሚዙ ተቀዶ፣ ደብተሩ ጭቃ ለብሶ መጣ።

ታዲያ አንድ ማታ ስልኬ ላይ ሰሳሚ ስትሪትን ከፈትኩለት። አሜሪካ ውስጥ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታይ ፕሮግራም ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ስለ ጉልበተኛ ልጆች አንድ ክፍል ሠርተው ነበር። ቢግ በርድ፣ ያ ሁለት ሜትር ተኩል የሚደርሰው ቢጫ ወፍ፣ የወፎች ክበብ ልግባ ሲል የክበቡ አውራ ያሾፍበታል። በጣም ትልቅ ነህ፣ በጣም ቢጫ ነህ ይለዋል። ወፉም እነሱን ደስ ለማሰኘት ጓደኛው መልኩን በአስማት እንድትለውጥለት እስከ መጠየቅ ይደርሳል። እንግሊዝኛውን እየተረጎምኩለት አየን። ልጄ ፈዞ ቀረ።

"ለምን ለትልቅ ሰው አይናገርም?" አለኝ።

"አንተስ?"

"አሳባቂ ይሉኛላ!"

ችግሩ ያለው እዚች ቃል ላይ ነው። ልጆቻችንን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አታሳብቁ እያልን እናሳድጋለን። ሰው ለማስቀጣት ወሬ መውሰድና ተጎዳሁ ብሎ መናገር የተለያዩ መሆናቸውን ግን ማን ነገራቸው? እኔ ስመክረው ቁጣ ይመስለዋል። አሻንጉሊቱ ሲሾፍበት ሲያይ ግን የራሱን ነገር ነው የሚያየው፣ ደግሞም አያፍርም፣ ምክንያቱም የተዋረደው ወፉ ነው።

በማግስቱ አሮጌ ካልሲ ላይ ሁለት ቁልፍ ሰፋሁና እጄን አስገብቼ አናገርኩት። ለእኔ ያልነገረኝን ለካልሲው ዘረገፈው። "ተብታባ" የሚለው ማን እንደሆነ፣ ዳቦውን ማን እንደሚቀማው፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ ማን እንደሚጠብቀው። እየተንተባተበ፣ ግን ሳያቆም። ከዚያ ካልሲው ጉልበተኛ ሆነ፣ እሱ ደግሞ "ተው፣ እንዲህ አትበለኝ" ብሎ ዞር ማለትን ተለማመደ። ሁለታችንም መምህሩ ዘንድ ሄድን፣ ነገሩን የተናገረው ግን ራሱ ነው። የሆድ ሕመሙ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ያንኑ ቪዲዮ የጎረቤቴ ትንሽ ልጅ ብቻውን አየውና ይዞ የወጣው ስድቡን ነው። ትንንሾቹ መጨረሻውን ሳይሆን የሚያስቀውን ይይዛሉ። ስለዚህ አጠገባቸው ተቀምጦ "አሁን ምን ተሰማው?" የሚል ሰው ያስፈልጋል።

እኛም ዘንድ ጅምሩ አለ። አሻንጉሊቷ ቀጭኔ ፀሐይ "ፀሐይ መማር ትወዳለች" በተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም በአማርኛ ልጆችን ማስተማር የጀመረችው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው፤ የፕሮግራሙ ፈጣሪ ብሩክታዊት ጥጋቡም ይህን ከመጀመሯ በፊት አስተማሪ ነበረች። የቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችን ስለ ጉልበተኛ ልጆች በራሳችን አነጋገር ይሥሩልን። ጉልበተኛው ስንፍናህ ነው፣ ወንድ አይደለህም የሚል ይሁን፤ ልጆቻችን የሚሰሙት ይህንኑ ነውና። የሚሾፍበት ልጅ ደግሞ ከተቻለ የሚንተባተብ ይሁን። ሲናገርም ቃሉን እስኪጨርስ ይጠበቅ።

አንዲት እናት፣ ከፍኖተ ሰላም